ዓባይን በጀልባ የወረዱ ሰዎችና የወንዙ የውሃ ልክ

ስለ ዓባይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ከተጻፈውም የሚበዛው ስለ ምንጩ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን እንደ ጐበኘ፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 ከዚያው ስፍራ እንደ ደረሰ በትምህርት ቤት ያልሰማ ጥቂት ነው። ነገር ግን ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ የሱዳንን ጠረፍ እስኪያልፍ ድረስ በጥልቁ በረሓ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ፣ በዚያም ጎዳና አብረውት ሊጓዙ የሞከሩ ሰዎች ምን እንደ ገጠማቸው የሚያወሳው ጽሑፍ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከ1903 እስከ 2004 ባለው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ከተደረጉት ሙከራዎች ዋና ዋናዎቹን በቅደም ተከተል ለመመልከት አስበናል። የተጓዦቹ መዝገብ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ተጻፈ ዘመኖቹን በዚያው አኑረናል፤ ወሮቹን ግን በአገራችን ስም እንጠራቸዋለን።

ይህን ታሪክ ስንመረምር አንድ ነገር ጐልቶ ይታየናል። የተጓዦቹን ዕድል ከድፍረታቸውና ከገንዘባቸው ይልቅ የወሰነው፣ ወንዙ በዚያ ወር የያዘው የውሃ ልክና ጀልባቸው ለዚያ ልክ የተስማማ መሆን አለመሆኑ ነው። ዓባይ በካርታ ላይ አንድ ወንዝ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ብዙ ወንዝ ነው። ይህንንም ከማንም አስቀድሞ ያወቀው በዳርቻው የሚኖረው ሰው ነው።

አስቀድመን የወንዙን ጠባይ እንመልከት። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያም ወደ ሸለቆው ይገባና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከቦ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በመንገዱም ላይ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎችም ገባሮች ይጨመሩበታል። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው ድልድይ አጠገብ ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው የደጋው አፋፍ ከራሱ በላይ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ነው። ወንዙ ከጣና እስከ ጠረፍ ባለው ከ800 ኪሎ ሜትር በማያንስ ጉዞው ከ1,200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይህ ቁልቁለት በየስፍራው እኩል አይደለም። አንዳንዱ ስፍራ እንደ ኩሬ የተኛ ነው፤ አንዳንዱ ግን ውሃው በቋጥኞች መካከል እየዘለለ አረፋ የሚደፍቅበት ነው። የጀልባ ተጓዦች የሚፈልጉትም የሚፈሩትም ይህን የሚዘል ውሃ ነው።

ቁልቁለቱ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የውሃው ልክ ነው። ታላቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በተደረገው ልኬት በጠረፉ ላይ በዓመት የሚያልፈው ውሃ በአማካይ 50 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ነበር። ከዚህም ውስጥ ከአራት ሦስት እጅ የሚበልጠው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይፈስ ነበር። በነሐሴ በየሴኮንዱ በአማካይ ከ5,000 ኪዩቢክ ሜትር በላይ ሲያልፍ፣ በሚያዝያ ግን የሚያልፈው ከጥቂት መቶ አይበልጥም ነበር። በዚህ ላይ የጣና ነገር ተጨማሪ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው የክረምቱን ውሃ ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ በበረሓው ያሉት ገባሮች በነሐሴ ሲሞሉ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በተፈጥሮ ልማዱ የሚበረታው በመስከረም ነበር። አንዱ ወንዝ በራስጌውና በግርጌው የተለያየ ቀን መቍጠሪያ ነበረው ማለት ነው።

ይህ ለጀልባ ምን ትርጕም አለው? በሜዳ ላይ የሚሄድ ወንዝ ሲሞላ ወደ ጎን ይሰፋል። በገደል መካከል የታጠረ ወንዝ ግን የሚሰፋበት ስፍራ ስለሌለው ከፍታውም ፍጥነቱም ይጨምራል። በበጋ ውሃው ሲያንስ ቋጥኞቹ ይገለጣሉ፤ መተላለፊያው ይጠብባል፤ ጀልባ በሁለት ድንጋይ መካከል ገብታ የተቀረቀረች እንደ ሆነ የኋላው ውሃ አጣብቆ ይሰብራታል። በክረምት ሲሞላ ያው ቋጥኝ ከውሃ በታች ይሆናል። ጀልባይቱ በላዩ ታልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ከቋጥኙ ጀርባ ውሃው ወደ ኋላ እየተጠቀለለ የያዘውን የማይለቅ ጕድጓድ ይሠራል። በበጋ ቀዛፊው ዐረፍ የሚልበት፣ በቋጥኝ ጥግ ያለው ጸጥተኛ ውሃም ይጠፋል፤ ዳርቻው ይዋጣል፤ ለመውረድ ቢፈልጉ መውረጃ አይገኝም። እንግዲህ በጥር የተሠራ የወንዝ ካርታ ለነሐሴ አያገለግልም። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ያለ ችግር ባለፈበት ስፍራ ሌላው በሌላ ወቅት ቢሰጥም ሁለቱ ያዩት ወንዝ አንድ አልነበረም።

የዳርቻው ሕዝብ ይህን ያወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ነው። የጣና ሰው ከደንገል ታንኳ እየሠራ በሐይቁ ላይ ይመላለሳል፤ በቁልቁለቱ ውሃ ላይ ግን ታንኳውን አይሰድም። በበረሓው ያሉት ዋናተኞች ነጋዴውንና ጭነቱን በተነፋ ቆዳ እየረዱ የሚያሻግሩት ውሃው በጐደለበት ወራት፣ ባወቁትም መሻገሪያ ነበር። ክረምቱ ሲገባ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ነጋዴም ወንዙ እስኪጐድል ድረስ ይጠብቃል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ምሳሌ ዛሬ የምንጠቅሰው የሰውን ጠባይ ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን ቃሉ የወጣው ወንዙን በዓይኑ ካየ ሰው ነው። ግንድ በውሃው ላይ ሲንሳፈፍ መታየቱ ላይኛው አገር እንደ ዘነበ፣ ወንዙም ዳርቻውን እየጠረገ እንደ መጣ የሚነግር ምልክት ነው።

የጥንት ድልድዮቻችንም ይህንኑ ዕውቀት ያስረዳሉ። ከጢስ ዓባይ በታች በአላታ ያለው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 ገደማ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ፣ ወንዙ በጠበበበት ስፍራ የቆመ ሆኖ ከዋናው ቅስት ሌላ የክረምቱን ሙላት የሚያሳልፉ ሌሎች ቅስቶች አሉት። ከዚያ በታች ያለው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ወገን የቆሙ ሰዎች እየጐተቱት በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። በ2002 በእርዳታ ተጠግኖ ነበር፤ ዳሩ ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ከሙላቱ በላይ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የወንዙን የክረምት ልክ ያልቈጠረ ሥራ እንደማይጸና ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ጀልባ ተጓዦቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ የተደረገው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1903 ነው። ደብልዩ ኤን ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ለዚሁ ጉዞ ተብለው የተሠሩ የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ በቅፍለት ወደ ዓባይ አወረደ። ዬሰን የተባለ ኖርዌያዊ ባልደረባው ደግሞ ከሱዳን በኩል ሽቅብ መጥቶ እንዲገናኘው ታስቦ ነበር። ሁለቱም አልሆነላቸውም። ከላይ የወረዱት ጀልባዎች ብዙ ሳይጓዙ በመጀመሪያዎቹ ቋጥኞች ላይ ተሰባበሩ፤ ከታች የመጣውንም የሚዘለው ውሃ አገደው። ብረት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከቋጥኝ ጋር ሲጋጭ ይጐብጣል፤ ይቀደዳል፤ ከባድ በመሆኑም በትከሻ ተሸክመው ክፉውን ስፍራ በየብስ ለማለፍ አይመችም። የማክሚላን ስሕተት ዓባይን እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ሰፊ ጎዳና አድርጎ መገመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ዘመን ጀልባ የሞከረ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1925 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የተሾመው ሜጀር ቺዝማን የወንዙን አካሄድ በካርታ ላይ ለማስፈር ሲነሣ ጀልባን ትቶ በበቅሎና በእግር ተጓዘ። ሸለቆውን በአፋፉ እየተከተለ፣ በሚመችበትም ወደ ውሃው እየወረደ፣ ከአገሬው ሰው እየጠየቀ ለዓመታት ደከመ፤ የሥራውንም ውጤት በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በፊት በካርታ ላይ በግምት ይሣል የነበረው የዓባይ መስመር በዚህ ሥራ በአብዛኛው ተቃና። ቺዝማን ወንዙን ለማሸነፍ አልቸኰለም፤ ውሃው የሚፈቅድበትን ጊዜ ጠበቀ እንጂ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዲስ መሣሪያ መጣ፤ እርሱም ካያክ ነው። ካያክ በመሠረቱ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ከእንጨት አጥንትና ከባሕር እንስሳ ቆዳ የሚሠሩት የአደን ጀልባ ነው። ቀዛፊው ወገቡ ድረስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሁለት ራስ ባለው መቅዘፊያ በግራና በቀኝ ይቀዝፋል፤ ቢገለበጥም ራሱን የሚያቀናበት ጥበብ አለ። አውሮፓውያን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህን ጀልባ በሸራና በሚታጠፍ እንጨት ሠሩት፤ በኋላም በፋይበርግላስና በፕላስቲክ ለወጡት። ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ አንድ ሰው ተሸክሞ ክፉውን ስፍራ በእግሩ ያልፋል። የማክሚላን የብረት ጀልባ ያልቻለውን ይህ ትንሽ ዕቃ ሊያደርገው ቻለ።

በ1954 ጀርመናዊው የካያክ ተጓዥ ሄርበርት ሪትሊንገር ከባልደረቦቹ ጋር በሚታጠፉ ጀልባዎች ዓባይን ሞከረ፤ አዞዎች ስላስቸገሯቸው ግን ጉዞውን አቋረጡ። በ1962 የስዊስና የፈረንሳይ ሰዎች ያሉበት ቡድን ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ እስከ ጠረፉ አቅራቢያ ወረደ፤ ነገር ግን ሌሊት በሰፈሩበት ሽፍቶች ተኵሰው ሁለቱን ገደሉ። ከውሃው ያመለጡት ሰዎች በየብስ መውደቃቸው የበረሓውን ሁለት አደጋ ያሳያል። በ1965 ስዊድናዊው አርነ ሩቢን ብቻውን በአንድ ካያክ ከድልድዩ ተነሥቶ እስከ ካርቱም ደረሰ። ከድልድዩ በታች ያለው ወንዝ ከላይኛው ይልቅ ገር መሆኑ፣ ቀላል ጀልባም በዚያ ማለፍ መቻሉ በዚህ ታወቀ። ከጣና እስከ ድልድዩ ያለው የላይኛው ሸለቆ ግን ገና ያልተደፈረ ነበር።

በ1968 በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ የተደራጀው ጉዞ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። መሪው እንግሊዛዊው ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ሲሆን፣ አብረውት የወጡት ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች 60 ያህል ነበሩ። ይህ ቡድን ሌሎች የሚሸሹትን የክረምት ሙላት ሆን ብሎ መረጠ። ምክንያቱም በሞተር የሚሄዱት ትልልቆቹ የጦር ጀልባዎች ቋጥኙ በውሃ ካልተሸፈነ ማለፍ አይችሉም ነበር። በነሐሴ ከድልድዩ በታች ያለውን ክፍል በእነዚህ ጀልባዎች ወረዱ። በመስከረም ደግሞ ለላይኛው ሸለቆ የሚነፉ ትንንሽ የጎማ ጀልባዎች ተመደቡ፤ እነዚህም በሚዘለው ውሃ ውስጥ ደጋግመው ተገለበጡ። እጅግ ክፉ የሆኑትን ስፍራዎች በየብስ ማለፍ ግድ ሆነ፤ ሽፍቶችም አደጋ ጣሉባቸው።

ከዚህ ጉዞ ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ኀዘን አለ። ኢየን ማክላውድ የተባለ የብሪታንያ ወታደር ሕይወቱን ያጣው በዋናው ዓባይ ፏፏቴ ውስጥ አልነበረም። የሞላ ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃው ወሰደው። ሁሉ የሚፈራው ታላቁ ወንዝ ሲሆን ሞት ከትንሹ መጣ። የአገራችን ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ማለዳ ቁርጭምጭሚት የማያርስ ጅረት፣ ደጋው ላይ ዘንቦ እንደ ሆነ ከሰዓት በኋላ በሬ ይወስዳል።

በ1972 እንግሊዛዊው ማይክ ጆንስ የመራቸው ወጣት የካያክ ቀዛፊዎች ወደ ላይኛው ሸለቆ ገቡ። የጦር ሠራዊቱ ጉዞ በብዙ ሰውና በብዙ ስንቅ ያደረገውን እነዚህ በጥቂት ሰው፣ በቀላል ጀልባና በቀዘፋ ጥበብ ሞከሩት። ይኸው ማይክ ጆንስ በ1976 ከኤቨረስት ሥር የሚነሣውን ዱድ ኮሲ የተባለ ወንዝ በካያክ ወረደ፤ በ1978 ግን በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ሞተ። የብራልዱ ውሃ የሚሞላው በበጋ ፀሐይ ከሚቀልጥ የተራራ በረዶ ነው፤ የዓባይ ውሃ የሚሞላው ከክረምት ዝናም ነው። ምክንያቱ ቢለያይም ሕጉ አንድ ነው፤ የውሃው ልክ ሲለወጥ ትናንት የታወቀው ወንዝ ዛሬ እንግዳ ይሆናል።

መላውን ጎዳና ከምንጩ እስከ ሜድትራንያን ባሕር የፈጸሙት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የተነሡት በታኅሣሥ ወር 2003 ሲሆን፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በሚያዝያ 2004 እስክንድርያ ደረሱ። ይህን ጉዞ ከ1968ቱ ጋር ማስተያየት ትምህርት ይሰጣል። የ1968ቱ ቡድን በሙላት ወረደ፤ እነዚህ ግን ክረምቱ አልፎ ውሃው በሚጐድልበት ወራት ወረዱ። ሁለቱም ተሳካላቸው። የተሳካላቸውም አንዱ ወቅት ከሌላው የተሻለ ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዱ የመረጠውን ወቅት ዐውቆ ለዚያ ልክ የሚስማማ ጀልባ ስለ ያዘ ነው። ባለሞተሩ የጦር ጀልባ በበጋ ቢሞከር በቋጥኝ ላይ በቀረ ነበር።

ከእነዚህ ጉዞዎች ወዲህ ወንዙ ራሱ ተለውጧል። በ1996 ከጣና መውጫ ላይ የጫራ ጫራ መቈጣጠሪያ ስለ ተሠራ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ እንደ ቀድሞው በዝናም ብቻ አይወሰንም። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኀይል ማመንጫ፣ በ2010ም የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምሩ ከፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውሃ በብዙ ቀነሰ። በግርጌው በኩል ደግሞ ግንባታው በ2011 የተጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025፣ ጳጉሜን 4 ቀን ተመርቋል። ግድቡ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ መያዝ የሚችል ሲሆን፣ ሐይቁ ወደ ኋላ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይተኛል። የቀድሞ ተጓዦች ከአዞና ከሽፍታ ጋር የታገሉበት የመጨረሻው ክፍል ዛሬ የረጋ ውሃ ነው። እንግዲህ በዳርቻው የሚኖረው ሰው በአባቶቹ ቀን መቍጠሪያ ብቻ የወንዙን ልክ ማወቅ አይችልም። በራስጌው የመቈጣጠሪያው በር መከፈትና መዘጋት፣ በግርጌውም የሐይቁ ከፍታ ተጨምሮበታል።

ስለዚህ ይህ ታሪክ የጥቂት ጀብደኞች ወሬ ሆኖ እንዲቀር አንወድም። የተጓዦቹ ስም በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። መንገድ ያሳዩአቸው፣ መሻገሪያውን የነገሯቸው፣ ጭነታቸውን በገደል ያወጡላቸውና ያወረዱላቸው የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋና የቤኒ ሻንጉል ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። የያዙትም ዕውቀት፣ ይኸውም የመሻገሪያዎቹ ስም፣ የሙላቱ ምልክት፣ ውሃው በየትኛው ወር ከየትኛው ቋጥኝ ላይ እንደሚደርስ፣ ከሽማግሎቹ ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው።

በዚህ ረገድ በየወንዙ ዳር ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። አንድ ተማሪ በመንደሩ ያለውን መሻገሪያ ስም ከአያቱ ጠይቆ ቢጽፍ፣ በድልድዩ እግር ላይ የክረምቱንና የበጋውን ልክ በቀለም ምልክት አድርጎ ከዓመት ዓመት ቢመዘግብ፣ ለታሪክም ለሳይንስም የሚጠቅም ሥራ ሠራ ማለት ነው። የውሃ ልክ መዝገብ በእጃቸው ያለ ሹማምንትም መዝገቡ በመደርደሪያ ላይ እንዳይቀር፣ ወንዝ ተሻግሮ ገበያ ለሚሄደው ገበሬና ትምህርት ቤት ለሚሄደው ሕፃን በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ ይገባቸዋል። የካያክ ቀዛፊ ለጨዋታ ሲል የውሃውን ልክ አጥንቶ ይገባል፤ ባይመቸው ጀልባውን ተሸክሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። የወንዙ ዳር ሰው ግን ሌላ አገር የለውምና ከማንም ይበልጥ ማወቅ የሚገባው እርሱ ነው።